የፒካፕ ጋቢና ማሞቂያ ለምን ይዳከማል? ከባሕር ዳር ወደ ደጋ ለሚወጡ አሽከርካሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ዳርቻ የተቀመጠች ሞቃታማ ከተማ ስለሆነች፣ እዚህ የሚውል የሚያድር ፒካፕ ማሞቂያው ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ሊከርም ይችላል። ብልሽቱ የሚታወቀው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ መኪናው የፎገራን ሜዳ ጨርሶ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲል፣ ከኋላ ወንበር ሕፃን ወይም ታማሚ ተቀምጦ ከዳሽቦርዱ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲወጣ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ የሚቀጥል ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። መልሶቹን የጻፍሁት በአካባቢያችን በብዛት የሚታዩትን እንደ ሃይሉክስና ዲማክስ ያሉ የናፍጣ ፒካፖች በማሰብ ነው።

ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያመጣው ከየት ነው? ነዳጅስ ያስጨምራል?

ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የሚዞረው ውሃ ከሞተሩ ሙቀት ተሸክሞ ሲወጣ፣ ከፊሉ በሁለት የጎማ ቱቦዎች በኩል ከዳሽቦርዱ ሥር ወደ ተቀበረች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል፤ ቬንትሌተሩ አየሩን በዚህች ራዲያተር ክንፎች መካከል ሲያሳልፈው አየሩ ሞቆ ወደ ጋቢናው ይገባል። ስለዚህ ማሞቂያውን መክፈት፣ ቬንትሌተሩ ከሚወስደው ጥቂት ኤሌክትሪክ በቀር፣ ነዳጅ አያስጨምርም፤ ኮምፕረሰር እንደሚያዞረው ኤሲ አይደለም።

ማሞቂያ ደከመ ማለት እንግዲህ ወይ ሞተሩ በሚገባው ልክ አልሞቀም፣ ወይ የሞቀው ውሃ ትንሿ ራዲያተር ዘንድ አልደረሰም፣ ወይ አየሩ በእሷ በኩል አላለፈም ማለት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ የሞተሩ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ጉዳዮች ናቸው። የማሞቂያን ድካም እንደ ምቾት ጉድለት ብቻ ቆጥሮ «እስከ ደብረ ታቦር ጋቢ ለብሼ እሄዳለሁ» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩን ካስነሣሁ ከስንት ደቂቃ በኋላ መሞቅ አለበት?

የናፍጣ ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት፣ ቆሞ ሲሠራ የሚያቃጥለው ነዳጅ ጥቂት፣ የሚተርፈውም ሙቀት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቁሞ ማስጮህ ጋቢናውን አያሞቅም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ፣ ነዳጅ መስጫውን ሳያበዙ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ከተነዳ በኋላ የሙቀት ጌጁ ወደ ተለመደው ቦታው ካልወጣ፣ ወይም ጌጁ ወጥቶ ነፋሱ ለብ ብቻ ካለ፣ ችግር እንዳለ ይቁጠሩ።

ምርመራውን ከምን ልጀምር?

ከውሃው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት ማለዳ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው እስከ አፉ መሙላቱን ይመልከቱ። ከጎን ያለው የፕላስቲክ መያዣ ሙሉ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ክዳኑ ሲያረጅ ወይም በመካከል ያለው ቀጭን ቱቦ ሲደፈን፣ መያዣው እንደ ሞላ ራዲያተሩ ሊጎድል ይችላል። የማሞቂያው መስመር በብዙ መኪናዎች ላይ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ውሃ ሲጎድል ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው። ነዳጅ ሲሰጡ ሙቅ፣ በሚኒሞ ሲቆሙ ቀዝቃዛ ነፋስ የሚወጣ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው የውሃ መጉደልን ይጠርጥሩ።

ውሃው ሙሉ ከሆነ መኪናውን ነድተው ያሙቁት፤ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀዩ ምልክት አዙረው ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ ጎን ለጎን የሚገቡ፣ ውፍረታቸው አውራ ጣት የሚያህል ሁለት የጎማ ቱቦዎች ያያሉ። መጀመሪያ በእጅዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ይሞክሩ፣ የማያቃጥል ከሆነ ብቻ ይንኩ። ነጠላ፣ ፎጣ ወይም ሻርፕ በአንገትዎ ላይ ካለ አስቀድመው ያውልቁ፤ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) እና የሞተሩ ቬንትሌተር እየዞሩ ነው።

ሁለቱም ቱቦዎች እኩል የሚፋጁ ከሆነ ውሃው በደንብ እየዞረ ነው፤ ጥፋቱ በአየሩ በኩል፣ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ይፈለጋል። አንዱ የሚፋጅ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ ውሃው እየገባ በቅጡ አይወጣም፤ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች፣ ወይም በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች በቱቦው መንገድ ላይ ያለችው በገመድ የምትሳብ የውሃ መዝጊያ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተችም። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ጌጁን ይመልከቱ፦ ጌጁም ዝቅ ብሎ ከሆነ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋውን በር)፣ ጌጁ ከፍ ብሎ ከሆነ ግን የውሃ መጉደልን፣ በመስመሩ የገባ አየርን ወይም የውሃ ፓምፑን ይጠርጥሩ። ይህ የሁለት ደቂቃ ፍተሻ ብዙ ያልተፈለገ ዕቃ ከመግዛት ያድናል፤ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት እርስዎ ራስዎ ቢያደርጉት እመክራለሁ።

ራዲያተር ካስቀየርሁ ወዲህ ከዳሽቦርዱ ሥር ውሃ የሚንቆረቆር ድምፅ ይሰማኛል፤ ማሞቂያውም ደክሟል። ምንድን ነው?

በመስመሩ ውስጥ የቀረ አየር ነው። ውሃው ተቀድቶ ሲሞላ አየሩ በሙሉ ካልወጣ ከፍተኛው ቦታ ላይ ተሰብስቦ የውሃውን ዝውውር ይቆርጣል።

ለማስወጣት የመኪናው አፍንጫ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ለዚህ የሚመች ቁልቁለት በየመንደሩ አይገኝም፤ እኔ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣውን አቀበት እመርጣለሁ። ከመንገድ ወጣ ብለው የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያድርጉ፣ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ ይጠብቁ። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ይሙሉ፣ ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቅ ያዙሩ፣ ሞተሩን በሚኒሞ ያስነሡ። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ፣ ገና ሳይሞቅ፣ በእጅ ጨመቅ ለቀቅ ሲያደርጉት አረፋ እየተገፋ በአፉ ይወጣል፤ ውሃው ሲወርድ ይጨምሩ። ቴርሞስታቱ የሚከፈትበት ጊዜ ይታወቃል፦ ረግቶ የነበረው ውሃ በድንገት መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ደረጃው ዝቅ ይላል፣ የታችኛውም ቱቦ ይሞቃል። ያን ጊዜ ሞልተው ክዳኑን ይግጠሙ፤ በማግስቱ ማለዳ ደግመው ይመልከቱ።

አየሩ ወጥቶ በሳምንቱ ተመልሶ ከመጣ ግን ውሃ የሚፈስበት ቦታ አለ፤ ፍሳሽ ካልተገኘ ደግሞ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋስኬት ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ሞተር በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ ቱቦ ድንጋይ መስሎ ከጠጠረ፣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ ከፈላ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ማሞቂያውን ትተው ሞተሩን ያስመርምሩ።

ቴርሞስታቱ «ለሞቃት አገር አያስፈልግም» ተብሎ ወጥቶ ተጥሏል። ጉዳት አለው?

አለው፤ በአካባቢያችን ለደካማ ማሞቂያ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚይዝ፣ በውስጡ ባለ ሰም መቅለጥና መርጋት የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። እሱ ከሌለ ውሃው ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ወደ ራዲያተሩ እየሄደ ይቀዘቅዛል። ሞተሩ ለብ እንዳለ ይሠራል፤ ዘይቱ ወፍራም እንደ ሆነ ይቆያል፣ ነዳጁ በሚገባ ሳይቃጠል ጢስ ይበዛል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ሲሊንደሩም ያለ ዕድሜው ይበላል።

ይህን የተማርሁት በራሴ መኪና ነው። በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት ታማሚ አክስቴን ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ሳመጣ፣ በአቀበቱ ላይ ሲወጣ ለብ ይል የነበረው ነፋስ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ መውረድ እንደ ጀመርሁ ፈጽሞ ቀዘቀዘ፤ የጌጁ ቀስት ወደ ታች ወርዶ ሰማያዊው ላይ ተኛ። አክስቴ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር፤ ፎገራ እስክንደርስ ድረስ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም። በማግስቱ የቴርሞስታቱን ቤት ሁለት ቦሎኖች ፈትቼ ስከፍተው፣ በዙሪያው ቀይ ሲሊኮን የተቀባ ባዶ ጎድጓዳ ብቻ አገኘሁ። ከዓመት በፊት የውሃ ፓምፕ ያስቀየርሁበት ጋራዥ አውጥቶት ኖሯል፤ አልነገረኝም። አዲስ ቴርሞስታት ከነጋስኬቱ ገጠምሁ፤ በዚያው ሳምንት ያንኑ መንገድ ስመላለስ ቀስቱ ከመሀል አልተነቃነቀም፣ ከዳሽቦርዱም የሚወጣው ነፋስ እጅ የሚያሞቅ ሆነ።

የሚያወጡት ሰዎች ሞተሩ እንዳይግል አስበው ነው። ነገር ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በታችኛው እግሩ ሌላ ቀዳዳ ይዘጋል፤ ይህ ቀዳዳ ውሃውን ራዲያተር ሳያሳልፍ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው አቋራጭ ነው። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍቱን ይቀራል፤ ስለዚህ በሜዳ የሚበርደው ያው ሞተር፣ ጭነት ይዞ አቀበት ሲወጣ ከቀድሞው ብሶ ሊግል ይችላል። ሞተሩ የሚግልበት ምክንያት የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ ወይም ያረጀ ክዳን ነው፤ መታከም ያለበት ያ ነው።

ቴርሞስታቱን በፈላ ውሃ መፈተን ይቻላል?

ይቻላል። ድስት ውስጥ ታቹን እንዳይነካ በክር አንጠልጥለው ውሃውን ያሙቁ፤ ቀዝቃዛ ሳለ ብርሃን የማያሳልፍ መሆን፣ ሲሞቅ መከፈት፣ ከድስቱ ሲወጣ ተመልሶ መዘጋት አለበት። በላዩ የተቀረጸው ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88፣ መከፈት የሚጀምርበት የሙቀት መጠን በዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

በእኛ ከፍታ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በባሕር ዳር በ94 ዲግሪ ገደማ፣ በደብረ ታቦር ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው መከፈት ከጀመረ በኋላ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ባለ 88 ቴርሞስታት እዚህ በሚፈላ ድስት ውስጥ በከፊል ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህናውን ዕቃ አይጣሉት።

የራዲያተር ክዳንም ዋጋ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ክዳኑ ግፊት ይዞ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት የማይይዝ ክዳን ያለው መኪና ደጋ ሲወጣ ውሃው ቶሎ ፈልቶ በመያዣው በኩል ይፈሳል፣ የጎደለው ቦታ አየር ይሞላዋል፣ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል።

ሁለቱም ቱቦዎች ይፋጃሉ፤ ነፋሱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ምን ሆኖ ነው?

ከዳሽቦርዱ ውስጥ ቀዝቃዛና ሙቅ አየር የምታደባልቅ ትንሽ በር አለች። በአንዳንዱ መኪና በገመድ፣ በሌላው በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ትንቀሳቀሳለች። መቆጣጠሪያውን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ሲያዞሩ ምንም የመክበድ ስሜት ከሌለው ገመዱ ከመንጠቆው ወጥቷል፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ የትንሿ ሞተር ጥርስ ተበልቷል። የወጣ ገመድ መመለስ ብዙ ጊዜ ዳሽቦርድ መፍታት አይጠይቅም፤ ከሾፌሩ ወይም ከተሳፋሪው እግር በላይ በባትሪ መብራት ሲያዩ ይገኛል።

ነፋሱ ራሱ ደካማ ከሆነስ?

የጋቢናውን የአየር ማጣሪያ ያውጡ። ባላቸው መኪናዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ በስተጀርባ ነው፤ በጥርጊያ መንገድ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው በአቧራ ተጋግሮ አየር ሊያሳልፍ አይችልም። ቬንትሌተሩ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራና በሌሎቹ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ የተቃጠለችው ፍጥነት የምትከፋፍለዋ ሬዚስተር ናት፤ በማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሺያን ትቀየራለች።

ውሃ ሲጎድል ከጣና ወይም ከቧንቧ ብጨምር ምን ይጎዳል?

መንገድ ላይ ሌላ አማራጭ ካጡ፣ ንጹሕ የሆነ ማንኛውም ውሃ ከባዶ ራዲያተር ይሻላል። ዘወትር የሚደረግ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። የጣና ውሃ በተለይ በክረምት ወንዞቹ ከሚያመጡት ደለል የተነሣ ደፍርሶ ይታያል፤ የቧንቧውም ውሃ ቢሆን ሲሞቅ በማንቆርቆሪያ ታች እንደምናየው ነጭ ቅርፊት የሚተው ማዕድን አለው። ይህ ሁሉ ከዝገቱ ጋር ተደባልቆ የሚያርፈው ቱቦዎቿ እጅግ ጠባብ በሆኑት በማሞቂያዋ ራዲያተር ውስጥ ነው። ትክክለኛው የተጣራ ውሃና ኩላንት (ለራዲያተር ተብሎ የሚሸጠው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እኩል በእኩል የተደባለቀበት ነው፤ ኩላንት መፍያውን ከፍ ከማድረጉም በላይ ዝገትን ይከላከላል፣ ፓምፑንም ያለሰልሳል። «እዚህ በረዶ የለም» ተብሎ መተው የለበትም።

የሚቀዳውን አሮጌ ኩላንት መሬት ላይ ወይም ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ እንዳይደፉ አጥብቄ እለምናለሁ። ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው፤ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታዊ አካባቢ ጥብቅ ክልልነት የተመዘገበ፣ ዓሣ የምንበላበት ሐይቅ ነው። በጀሪካን አጠራቅመው ክዳኑን ይዝጉ፣ ምልክትም ይጻፉበት።

የማሞቂያዋ ራዲያተር ተደፍናለች ተባልሁ። የግድ ዳሽቦርዱ መፈታት አለበት?

መጀመሪያ ማጠብ ይሞከር። ሁለቱን ቱቦዎች ከላሜራው ላይ ፈትተው፣ ውሃው ዘወትር በሚወጣበት በኩል ዝቅ ባለ ግፊት ንጹሕ ውሃ ያስገቡ፤ በመግቢያው በኩል ቡናማ ዝቃጭ ሲወጣ ያያሉ። ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድረስ፣ አቅጣጫውን እየቀያየሩ ይደጋግሙ። ከፍተኛ ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ አይጠቀሙ፤ ያረጀች ራዲያተር ትፈነዳና ጋቢናው በውሃ ይሞላል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች የተሠራችው ከአልሙኒየም ስለሆነ ጠንካራ አሲድም ይበላታል። «ፍሳሽ ያቆማል» ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ማጣበቂያም በምንም ምክንያት አይጨምሩ፤ የሚዘጋው ቀዳዳውን ብቻ አይደለም።

ታጥባ ካልተከፈተች ግን መቀየር አለባት፤ ያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ዳሽቦርድ የሚያስፈታና ሙሉ ቀን የሚፈጅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህን ለመሸሽ ሁለቱ ቱቦዎች እርስ በርስ ተገናኝተው ማሞቂያዋ ከመስመር ትወጣለች። ፍሳሽ ሲያጋጥም ለጊዜው ቤት መድረሻ ነው፤ ያገለገለ ፒካፕ ሲገዙ ግን ቱቦዎቹ ወደ ላሜራው መግባታቸውን አይተው ያረጋግጡ።

መስታወቱ ጉም ይለብሳል፤ ጣፋጭ ሽታም አለ።

ሽታው በመስታወቱ ላይ ከሚታይ ቅባት ነገር ጋር ከሆነና የእግር ምንጣፉ ከረጠበ፣ ትንሿ ራዲያተር ወደ ጋቢናው እየፈሰሰች ነው፤ አይዘግዩ። ሽታ ሳይኖር በትንፋሽ ብቻ ከሆነ አየሩን ከውጭ እንዲያስገባ ያድርጉ፤ ኤሲውንም ከማሞቂያው ጋር አብረው ይክፈቱ፤ ኤሲ እርጥበቱን ያደርቀዋል፣ ማሞቂያው ያሞቀዋል።

ማሞቂያው እስኪሠራ ድረስ በጋቢና ውስጥ ከሰል ማንደድ ይቻላል?

በፍጹም አይቻልም። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መተኛትም እንዲሁ ነው።

ሞተሩ አቀበት ላይ ሲግል ማሞቂያውን መክፈት ይረዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የዓባይን በረሃ ከታች ጀምሮ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ቀስቱ ከመሀል ካለፈ፣ ኤሲውን አጥፍተው፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ፣ ቬንትሌተሩንም በመጨረሻው ፍጥነት ያድርጉት፤ ትንሿ ራዲያተር ለትልቋ ታግዛለች። መስኮቶቹን ይክፈቱ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ ቀስቱ መውረዱን ይከታተሉ።

በዚያች ሰዓት ግን ከዳሽቦርዱ የሚወጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ውሃው አልቋል ወይም መዞር አቁሟል፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መጨመር ቴስታታውን ሊያጣምም ይችላል። ወዲያው ጥግ ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ግን የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ለስላሳ እስኪሆን ድረስ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ አይንኩት።